ስለ ቍርጥማት በሽታ መለኪያና ስለ አራቱ ምስክሮች



የሰው ልጅ ከሚታመምባቸው በሽታዎች አንዳንዱ ፈጥኖ ይመጣል፥ ፈጥኖም ይታወቃል። ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፥ ይተኵሳል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ያይለታል፤ የትኵሳት መለኪያውም በብብቱ ገብቶ ልኩን ይናገራል። አንዳንዱ በሽታ ግን እንደ ምስጥ ነው። ምሰሶው ከውጭ ሲያዩት ቆሟል፤ ከውስጥ ግን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ባለቤቱም የቤቱን መጐዳት የሚያውቀው ጣራው ሲያዘነብል ነው። ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ቍርጥማት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንገልጽላችሁ የወደድነው፥ ይህን ተሸሽጎ የሚሠራ በሽታ ሐኪሞች በምን እንደሚለኩት፥ ልኩም ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ ምን እንደሚጠቅም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአገራችን ቍርጥማት የሚለው ስም ብዙ በሽታዎችን በአንድነት ይሸፍናል። እርጅና ያመጣው የጕልበት ሕመም፥ ሪህ፥ ከሥራ ብዛት የሚነሣ የወገብ ሕመም፥ ሁሉም ቍርጥማት ይባላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ሰውነትን ከበሽታ ይጠብቅ ዘንድ የተሰጠው የመከላከያ ኀይል ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል፤ ዘበኛ የሚጠብቀውን ቤት እንደ መዝረፍ ያለ ነው። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ያብጣል፥ ይወፍራል፤ እየቈየም ለስላሳውን አጥንትና ከሥሩ ያለውን ጠንካራውን አጥንት ይበላል፤ ጅማቱንም ያላላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእጅና በእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው፤ በቀኝ እጅ የታየው በግራም ይታያል። ጠዋት ሲነሡ ጣቶች ግትር ይላሉ፤ እስኪፍታቱም ድረስ ግማሽ ሰዓት፥ አንድ ሰዓት፥ ከዚያም የበለጠ ይፈጃሉ። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያኽል ይይዛል፤ የሚይዛቸውም በእርጅና ብቻ ሳይሆን ልጅ በሚያሳድጉበትና ቤት በሚያቀኑበት ዕድሜ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ሲደርስባት እናት «ብርድ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ስላጠብሁ ነው» ትላለች። ጎረቤትም «ምች ሊሆን ይችላል» ይላል። እጇ በቅቤ ይታሻል፥ በጨርቅ ይጠመጠማል። ሕመሙ አንድ ሰሞን ጋብ ሲል ሁሉም ተስፋ ያደርጋል፤ ሲመለስ ደግሞ «ብርዱ ተመለሰ» ይባላል። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ ለዚህ በሽታ ግን ወራት ዋጋቸው ብዙ ነው። በራጅ የሚታየው የአጥንት መበላት በብዙ ሕመምተኞች ላይ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና። አንድ ጊዜ የተበላውን አጥንት መድኃኒት አይመልሰውም፤ መድኃኒት ሊያደርግ የሚችለው ያልተበላውን ማዳን ነው።

በሽታው ለዓለም አዲስ አይደለም። በ1800 ዓመት በፓሪስ ከተማ ኦጉስቲን ላንድሬ ቦቬ የተባለ ሐኪም ከሪህ የተለየ መሆኑን አስተውሎ ጽፎአል፤ በ1859 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ ዛሬ የሚጠራበትን ስም አውጥቶለታል። በዚህ በሽታ ከተያዙት ታላላቅ ሰዎች አንዱ የፈረንሳዩ ሰዓሊ ፒየር ኦጉስት ርኗር ነው። በሽታው የጀመረው ዕድሜው ኀምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር፤ እየዋለ እያደረም ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ስለ ቀሩ ብሩሹን ሌላ ሰው ያስይዘው ነበር፤ እግሮቹም እንቢ ስላሉት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1919 እስኪሞት ድረስ መሳሉን አልተወም። ይህን የሚሰማ ሁሉ የርኗርን ትዕግሥት ያደንቃል፤ ማድነቁም ይገባል። ነገር ግን በርኗር ዘመን በሽታውን የሚገታ መድኃኒት አልነበረም። በእኛ ዘመን አለ። መድኃኒት እያለ የእናት ጣት ታጥፎ ቢቀር፥ ትዕግሥቷን ከማድነቅ አስቀድሞ ያዘገየውን ነገር መመርመር ይገባናል።

ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ የመለኪያ ማጣት ነው። ትኵሳት በመለኪያው ይታወቃል፤ የስኳር በሽታ በደም ምርመራ ይለካል፤ የደም ግፊትም የራሱ መሣሪያ አለው። ቍርጥማት ግን በአንድ መሣሪያ የሚነበብ ልክ የለውም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጨምር ወይስ እንዳለ ይተወው ዘንድ የሚያስረዳው ነገር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የሕመምተኛውን ቃል ብቻ ቢይዝ ይሳሳታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ነገር አንድ ልዩ ችግር አለብን፤ ችግሩም የመጣው ከመልካም ጠባያችን ነው። ሐኪሙ «እናቴ፥ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ ልጄ» ብላ ትመልሳለች። ይህን የምትለው ጣቶቿ አብጠው ሊጥ ማቡካት አቅቷት፥ የልጇን ቍልፍ መቈለፍ ተስኗት ሳለ ነው። ዋሸች አይባልም፤ በደዌም በጤናም ማመስገን ልማዳችንና ሃይማኖታችን ነውና። ነገር ግን ሐኪሙ ያንን ምስጋና እንደ ምስክር ቃል ቈጥሮ በመዝገቡ «ተሽሏታል» ብሎ ቢጽፍ፥ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ሦስት ወር ያልፋል፤ በሦስቱም ወር በሽታው አጥንት ሲበላ ይከርማል። ለፈጣሪ የሚቀርበው ምስጋና ሌላ፥ ለሐኪም የሚሰጠው ቃል ሌላ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው ይህን ጕዳይ በቶሎ ያስተውለዋል። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ነገር እንዳይቈረጥ ከጥንት ጀምሮ ተደንግጓል። አንዱ ምስክር ያፍራል፥ አንዱ ያጋንናል፥ አንዱ የሚያውቀው ጥቂት ነው፥ አንዱም የሌላውን ጕዳይ ከዚህኛው ጋር ያደባልቃል። ሁሉም በየተራቸው ተጠይቀው ቃላቸው በአንድ መዝገብ ሲሰፍር ግን፥ የአንዱን ጕድለት ሌላው ይሞላዋል። የቍርጥማት ሐኪሞች የሠሩት መለኪያም የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው። ብዙ ምልክቶችን ለየብቻ ይመረምራል፤ ከዚያም በአንድ ቍጥር ያጠቃልላቸዋል።

ከእነዚህ መለኪያዎች ይልቁንም የታወቀው ዳስ 28 ይባላል። ስሙ በጆሮአችን የሠርግ ዳስ ቢመስልም ከእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም የበሽታው እንቅስቃሴ ነጥብ ማለት ነው። 28 የተባለውም የሚመረመሩት መገጣጠሚያዎች ቍጥር ነው። ምስክሮቹም አራት ናቸው።

አንደኛው ምስክር ሲነኩት የሚያመው መገጣጠሚያ ብዛት ነው። ሐኪሙ የገዛ ጥፍሩ ጫፍ እስኪነጣ ድረስ ብቻ እየተጫነ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየተራ ይዳስሳል፤ ሕመምተኛዋም «ያማል» ወይም «አያምም» ትላለች። የሚዳሰሱትም ሁለቱ ትከሻዎች፥ ሁለቱ ክርኖች፥ ሁለቱ የእጅ አንጓዎች፥ ጣቶች ከመዳፍ ጋር የሚገናኙባቸው ዐሥሩ፥ የአውራ ጣቶችን መታጠፊያ ጨምሮ የጣቶች መካከለኛ መታጠፊያዎች ዐሥሩ፥ ሁለቱም ጕልበቶች ናቸው። ድምራቸው 28 ይሆናል። እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ስፍራ የለውም፤ ጥያቄው ስለ አንዲት መገጣጠሚያ ብቻ ነውና።

ሁለተኛው ምስክር ያበጠው መገጣጠሚያ ብዛት ነው። ይህን የሚናገረው የሐኪሙ ጣት ነው። በአርትራይተስ ያበጠ መገጣጠሚያ ሲዳሰስ እንደ ለስላሳ ሊጥ ሆኖ ይገኛል፤ በእርጅና ምክንያት የተጋነነ አጥንት ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የለመደ እጅ ሁለቱን ይለያል። ሕመምተኛዋ ሕመሟን ብትሸሽግ እንኳ እብጠቱ አይሸሸግም።

ሦስተኛው ምስክር ደም ነው። ጥቂት ደም በቀጭን የብርጭቆ ቧንቧ ውስጥ ይቆምና ቀዩ ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዳለ ይለካል። በሰውነት ውስጥ የመቈጣት በሽታ ሲኖር ደሙ ቶሎ ይዘቅጣል። ይህን ምርመራ በስዊድን አገር ሮቢን ፎሬዎስና አልፍ ዌስተርግሬን ከ1918 ጀምሮ ባሉት ዓመታት አጥንተው አስፋፍተውታል፤ ዛሬም ድረስ በብዙ ሐኪም ቤቶች ይሠራበታል። ነገር ግን ይህም ምስክር ጕዳይ ያደባልቃል፤ የደም ማነስ፥ እርግዝና፥ እርጅና፥ ሌላ ተላላፊ በሽታም ቢሆን ቍጥሩን ከፍ ያደርጉታልና።

አራተኛው ምስክር ሕመምተኛዋ ራሷ ናት። ዐሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር በወረቀት ላይ ተሠምሮ ይሰጣታል። የመስመሩ አንድ ጫፍ «ፍጹም ደኅና»፥ ሌላው ጫፍ «እጅግ የከፋ» ማለት ነው። እርሷም ያለችበትን ስፍራ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ይህን ልታደርግ ትችላለች፤ ማመስገኗም በመስመሩ ላይ እውነቱን ከማመልከት አያግዳትም።

እነዚህ አራቱ ቃሎች እንዳሉ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ እንደ ክብደቱ ተመዝኖ በስሌት ይቀናበራል፤ ስሌቱንም ዛሬ መኪና ይሠራዋል። ውጤቱ ከ2.6 በታች ከሆነ በሽታው ጸጥ ብሏል ይባላል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 3.2ን ካላለፈ ዝቅተኛ ነው፤ ከ3.2 በላይ እስከ 5.1 መካከለኛ ነው፤ ከ5.1 ካለፈ በሽታው በርትቷል። መድኃኒቱ ሠርቷል ለማለትም የጥቂት ነጥብ መቀነስ አይበቃም፤ ከ1.2 በላይ መቀነስ ነው ሐኪሞች እንደ ዋና መሻል የሚቈጥሩት።

መለኪያው የተገኘበት መንገድ ራሱ የሚያስደስት ነው። በሆላንድ አገር በኒሜገን ከተማ ዴዚሬ ቫን ደር ሃይደና የሥራ ባልደረቦችዋ የመጀመሪያውን ዳስ በ1990 አወጡ። ሥራቸውን የጀመሩት ሐኪሞች በየዕለቱ ከሚሰጡት ውሳኔ ነው። ሐኪሙ «በሽታው በርትቷል፥ መድኃኒት ይጀመር» ያለበትንና «ጸጥ ብሏል፥ ባለበት ይቈይ» ያለበትን ቀን ለይተው፥ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ይበልጥ የሚያሳዩት ምልክቶች የትኞቹ እንደ ሆኑ በስሌት መረመሩ። ብዙ ዳኞች ከፈረዱት ፍርድ ደንቡን አውጥቶ እንደ መጻፍ ያለ ሥራ ነው። በመጀመሪያው መለኪያ የሚመረመሩት መገጣጠሚያዎች ብዙ ነበሩ፤ በ1995 ግን ወደ 28 ተወስነው ዛሬ የምናውቀው ዳስ 28 ተሠራ።

የደም መመርመሪያ በቅርብ በማይገኝበት ስፍራ ምን ይደረጋል? ለዚህም መልስ ተገኝቷል። በ2005 በቪየና ከተማ ያሉት ዳንኤል አሌታሃና ዮሴፍ ስሞለን ከሌሎች ሐኪሞች ጋራ ሆነው ሲ ዲ ኤ አይ የተባለውን መለኪያ አቀረቡ። በዚህኛው ደም አይመሰክርም፤ በእርሱ ፋንታ ሐኪሙ የበሽታውን ኀይል ከዜሮ እስከ ዐሥር ይገምታል፤ ሕመምተኛዋም እንዲሁ ከዜሮ እስከ ዐሥር ትሰጣለች፤ የሚያመውና ያበጠው መገጣጠሚያ ቍጥር ይጨመርበታል። ስሌቱ መደመር ብቻ ስለ ሆነ መኪና አያስፈልገውም፤ ልጅ እንኳ ይሠራዋል። ድምሩ ከ2.8 ካላለፈ ጸጥታ ነው፤ እስከ 10 ዝቅተኛ፥ እስከ 22 መካከለኛ፥ ከ22 በላይ ብርቱ ነው።

ለምሳሌ ያኽል፥ አንዲት እናት ስትመረመር የሚያማት መገጣጠሚያ 9፥ ያበጠው 6፥ የራሷ ግምት 6፥ የሐኪሙ ግምት 5 ቢሆን ድምሩ 26 ነው፤ በሽታው በርትቷል ማለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካክሎላት ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ የሚያማት 4፥ ያበጠው 3፥ የእርሷ ግምት 3፥ የሐኪሙ 3 ቢሆን ድምሩ 13 ይሆናል። እናቲቱ «ተሽሎኛል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፥ በእኵሌታ ተሽሏታል። ነገር ግን 13 ገና መካከለኛ ነው፤ ሦስት መገጣጠሚያዎች እንዳበጡ ናቸው። ቍጥሩ ባይኖር ኖሮ ሁሉም በተገኘው ደስ ተሰኝቶ ነገሩ እዚያው ላይ ይቈም ነበር። ቍጥሩ ግን «ገና መንገድ ይቀራል» ይላል። የዚህ መለኪያ ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ መሻልንና መዳንን ይለያል፥ ግማሽ መንገድ የደረሰውን ሰው ደርሻለሁ እንዳይል ያደርገዋል።

ይህ ከንቱ ቍጥር መቍጠር ነው እንዳይባል በሥራ ተፈትኗል። በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ የተደረገውና በ2004 የታተመው ጥናት 110 ያኽል ሕመምተኞችን በሁለት ወገን ከፈላቸው። አንዱ ወገን እንደ ተለመደው ታከመ። ሁለተኛው ወገን ግን በየወሩ በመለኪያው እየተለካ፥ ቍጥሩ ከተወሰነው ልክ በላይ በሆነ ቍጥር መድኃኒቱ እንዲጨመር ተደረገ። ከ18 ወር በኋላ በለመደው ሕክምና ከነበሩት ውስጥ በሽታው ጸጥ ያለላቸው ከመቶ 16 ነበሩ፤ እየተለኩ ከታከሙት ውስጥ ግን ከመቶ 65 ነበሩ። ለሁለቱም ወገን የተሰጡት መድኃኒቶች ዘመን ያስቈጠሩና የታወቁ ነበሩ፤ ትልቁን ልዩነት ያመጣው መድኃኒቱን በቅርብ ክትትልና በቍጥር መምራት ነው። ከዚያም ወዲህ በ2010 ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሐኪሞች ዓላማን ለይቶ ማከም ይገባል ብለው ምክር አወጡ። በሽታው እስኪበርድ ድረስ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካ፤ ዓላማውም ጸጥታ፥ ይህ ባይቻል ዝቅተኛ ልክ ይሁን፤ እዚያ እስኪደረስም ቢያንስ በየሦስት ወሩ መድኃኒቱ ይስተካከል የሚል ነው።

ሆኖም መለኪያውን እንደ ዳኛ ልናየው አይገባም፤ መዝገብ እንጂ ዳኛ አይደለም። ጕድለቶቹንም ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፤ ከ28ቱ መገጣጠሚያዎች ውስጥ የእግር ጣቶችና ቍርጭምጭሚት የሉም። ጫማ መጫማት ያቃታት ሴት እጇ ደኅና ቢሆን ቍጥሯ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ እግሬን ያመኛል ብላ ልትናገር፥ ሐኪሙም ጫማዋን አስወልቆ ሊያይ ይገባል። ሁለተኛ፤ በዳስ 28 ስሌት የሚያመው መገጣጠሚያ ካበጠው እጥፍ ክብደት አለው። በሌላ ምክንያት መላ ሰውነቱን የሚያመው ሰው እብጠት ሳይኖርበት ቍጥሩ ከፍ ይልበታል፤ ይህ ከፍታ የቍርጥማቱን መድኃኒት ለመጨመር ምክንያት አይሆንም። ሦስተኛ፤ ቶሲሊዙማብን የመሰሉ አንዳንድ አዳዲስ መድኃኒቶች የደሙን ምልክት በቀጥታ ስለሚያወርዱት፥ እብጠቱ ከቀነሰው ይልቅ ቍጥሩ አብዝቶ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ ድምሩን ብቻ መስማት አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ምስክር ቃል ለየብቻ መጠየቅ ይገባል። ሁለት ሴቶች በሲ ዲ ኤ አይ ሁለቱም 16 ቢሆኑ፥ የአንዲቱ 9 የሚያም፥ 1 ያበጠ፥ 5 የራሷ ግምት፥ 1 የሐኪሙ ግምት ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛይቱ ደግሞ 4 የሚያም፥ 7 ያበጠ፥ 2 የራሷ፥ 3 የሐኪሙ። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የፊተኛይቱ ሕመም ምንጩ ሌላ እንዳይሆን ይመረመራል። ሁለተኛይቱ፥ ያች ብዙ የማታማርረው፥ ሰባት መገጣጠሚያዎቿ አብጠው አጥንቷ በአደጋ ላይ ነው። ዝምተኛይቱን እናት የሚያድናት የሐኪሙ ጣት ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? መገጣጠሚያ መዳሰስ የሐኪም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለሐኪሙ የሚቀርበውን ቃል ማዘጋጀት የቤተ ሰብ ሥራ ነው። አንድ ደብተር ይገዛ፤ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ጸሐፊ ይሁን። በየሳምንቱ በአንድ በታወቀ ቀን አምስት ነገር ይጻፍ። ፊተኛው ቀኑ ነው። ሁለተኛው ጠዋት ጣቶች እስኪፍታቱ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ። ሦስተኛው የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንዳበጡ፤ ለዚህም የሁለት እጅ ሥዕል ተሥሎ ያበጠው ስፍራ ቢከበብ ይሻላል። አራተኛው ከዜሮ እስከ ዐሥር የራሷ ግምት። አምስተኛው በዚያ ሳምንት ልትሠራው ያልቻለችው ሥራ፤ እንስራ ማንሣት፥ ቡና መውቀጥ፥ ፀጕር መሥራት፥ የበር ቍልፍ ማዞር፥ ያለው ሁሉ ይጻፍ። የጠዋቱ መገተር በዳስ 28 ስሌት ባይገባም ለሐኪሙ ብዙ ነገር ይነግረዋል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ደብተሩን ይዞ መሄድ ነው፤ እናት በአንደበቷ ብታመሰግንም ደብተሩ እውነቱን ይናገራልና።

ሐኪሙንም በትሕትና «የዛሬው ልክ ስንት ሆነ? ያለፈውስ ስንት ነበር? የምንፈልገው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልኩን የጠየቀ ቤተ ሰብ የሕክምናው ተካፋይ ይሆናል።

ስለ መድኃኒቱም ሁለት ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። የመጀመሪያው ስለ ኮርቲዞን ነው። በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች በ1948 ለአንዲት ሕመምተኛ ይህን መድኃኒት ሰጥቶ፥ ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ስትራመድ ታየች፤ በ1950ም ከሁለት ባልደረቦች ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰው ሁሉ በሽታው የተሸነፈ መስሎት ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ በብዛትና ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን እንደሚያሳሳ፥ የደም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ፥ ለተላላፊ በሽታም እንደሚያጋልጥ እየዋለ እያደረ ታወቀ። ዛሬም ከኮርቲዞን ወገን የሆነውን ፕሬድኒሶሎንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ መውሰድ ወደዚያው አደጋ መሄድ ነው። ለብዙ ጊዜ የወሰደውም ሰው በድንገት ሊያቋርጠው አይገባም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል እንጂ።

ሁለተኛው ስለ ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ በሽታውን ከሚገቱት መድኃኒቶች ዋናው ሲሆን፥ በአሜሪካ አገር ለዚህ በሽታ የተፈቀደው በ1988 ነው። ለቍርጥማት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን እንጂ በየቀኑ አይደለም። እንደ ሌላው ኪኒን መስሎት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ቀን በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ይከበብ፤ በደብተሩም ይጻፍ። ደምም በየጊዜው ይመረመራል፤ ሐኪሙ ያዘዘውም ፎሊክ አሲድ አይረሳ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ግን አስቀድማ ለሐኪሟ ልትነግር ይገባል፤ ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጐዳልና።

ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ያቋርጥ ዘንድ አይገባም። ሐኪምን ማክበር ከአበው የተቀበልነው ትምህርት ነው፤ መድኃኒትም ከፈጣሪ የተሰጠ ነው። በጸሎት የሚተጋ ሰው በተወሰነለት ቀን ኪኒኑን ቢውጥ ከእምነቱ የሚጐድል ነገር የለም። ጠበል ሄዶ ሁለት ወር ለሚቀመጥ ሰው መድኃኒቱን ቈጥሮ ማስያዝ የቤተ ሰቡ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናተርፈው ምክር እነሆ። ጣቶቻቸው ከስድስት ሳምንት በላይ ያበጡ፥ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር የሚሉባቸው ሰዎች «ብርድ ነው» ብለው አይቀመጡ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕክምና የጀመሩትም ልካቸውን ይወቁ፥ ልካቸውንም ይከተሉ። የእናት እጅ የቤት ምሰሶ ነው፤ በዚያ እጅ ያደገ ልጅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ያንን እጅ ይዞ እንዲመለከት፥ ያየውንም እንዲጽፍ አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፥ ለሐኪሞች ማስተዋልን፥ ለቤተ ሰብም ትጋትን ይስጥ።